ለፒካፕ ጥንድ የኋላ ጎማ፦ ከጎማው በፊት ሰሚአክሱን ይዩ

ጥያቄ፦ ከአጋሮና ከጌራ ቡና እየሰበሰብኩ ጅማ አቀርባለሁ። መኪናዬ ባለ አንድ ጋቢና ሂሉክስ ፒካፕ ነው፤ የኋላ ጎማው ነጠላ ነው። በቡና ወቅት 10 ኩንታል እየጫንኩ መመላለሱ አላዋጣኝም። አንድ ቶርኖ ቤት ማስረዘሚያ ብረት ቀርጾ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ሊገጥምልኝ ተስማምተን ቀብድ ከፍያለሁ። አሜሪካውያን እንዲህ ያለውን ሥራ በአንድ ቀን ሲጨርሱት በቪዲዮ አይቻለሁ። መኪናዬ 20 ኩንታል ይችልልኛል? ምን ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 20 ኩንታሉን አራቱ ጎማዎች ይችሉታል፤ መኪናው ግን አይችለውም። ብረቱ መቀረጽ ሳይጀምር ለቶርኖ ቤቱ ይደውሉላቸው።

ብዙ ሰው የመኪናን አቅም በጎማ ብዛት ይለካል። አይሱዙ ኤንፒአር ከኋላ አራት ጎማ ስላለው ብዙ ይጭናል፣ ፒካፕ ሁለት ብቻ ስላለው ትንሽ ይጭናል፤ እንግዲያው ለፒካፑ ሁለት ቢጨመርለት ወደ አይሱዙ ይጠጋል ተብሎ ይታሰባል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለኤንፒአር በመጀመሪያ ወፍራም ሻንሲ፣ ከባድ አክሰል፣ ሰፊ የፍሬን ታምቡርና የተደራረበ ባሌስትራ ተሠራለት። ያን ሁሉ ክብደት በየጎኑ አንድ አንድ ባለ 16 ኢንች ጎማ ብቻውን ስለማይሸከመው ሁለተኛው ተጨመረ። ጎማው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

የራስዎን ጎማ ጎኑን ያንብቡት። ለጭነት በተሠራ የፒካፕ ጎማ ላይ፣ ለምሳሌ 225/70 አር 15 ሲ በሚለው ላይ፣ ከልኩ ቀጥሎ 112/110 የሚል ተጽፎ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ቁጥር ጎማው ነጠላ ሆኖ ሲገጠም፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሌላ ጋር ሲጣመር የሚፈቀድለትን ጭነት ያመለክታል። 112 ማለት 1,120 ኪሎ፣ 110 ማለት 1,060 ኪሎ ነው። ሲጣመር አቅሙ የሚቀንሰው ሁለቱ ጎማዎች ጭነቱን ሁልጊዜ እኩል ስለማይካፈሉና በመሐላቸው የሚፈጠረው ሙቀት በቀላሉ ስለማይወጣ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ነጠላ ጎማዎች ብቻ ተደምረው 2,240 ኪሎ ይሸከማሉ ማለት ነው። ፋብሪካውም ጎማ ሲመርጥ አክሰሉ ከተፈቀደለት ክብደት እንዳያንስ አድርጎ ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን የጭነት ጎማ ገጥመው በልኩ እስከነፉት ድረስ በእርስዎ መኪና ላይ ቀድሞ እጁን የሚሰጠው ጎማው አይሆንም።

20 ኩንታል 2,000 ኪሎ ነው። የፒካፕ የጭነት ሳጥን መሐሉ የሚያርፈው ከኋላ አክሰል ጥቂት ወደፊት ስለሆነ፣ ከጭነቱ አብዛኛው በቀጥታ ኋላ ላይ ይወድቃል። ባዶ መኪናው ራሱ ኋላ ላይ የሚጥለው 700 ኪሎ ገደማ ነው ብንል፣ በአክሰሉ ላይ ያለው በጥቅሉ ወደ 2,500 ኪሎ ይጠጋል። የአሽከርካሪውን በር ከፍተው በሩ ወይም ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወይም የተመታውን ምልክት ይፈልጉ፤ ለአጠቃላይ ክብደቱ የተፈቀደውን ያገኙታል፤ በአንዳንዱ ላይ ለየአክሰሉም ተጽፏል። ከዚያ ላይ የባዶ መኪናውን፣ የነዳጁንና የሰዎቹን ክብደት ይቀንሱ። ለሂሉክስ የሚተርፈው አንድ ቶን አካባቢ ነው። አሁን የሚጭኑት 10 ኩንታል ከነረዳቱ ልኩን ሞልቶታል።

አሁን ወደ ሰሚአክሱ፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ ጎማውን ወደሚያዞረው ዘንግ፣ እንምጣ። መኪናዎን ደልዳላ ቦታ ያቁሙና የኋላውን ቸርኬ መሐሉን ፊት ለፊት ይዩት። ስድስት ዳዶዎች ዙሪያውን አሉ፤ ከመሐል የሚወጣ ጠንካራ ነገር የለም። ቀጥለው ወደ ቆመ ኤንፒአር ይሂዱና የኋላውን ይዩ፤ ከቸርኬው መሐል ክብ ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት እምብርት) ወደ ውጭ ወጥቷል፣ በፊቱም ትንንሽ ቡሎኖች በክብ ተደርድረዋል። እነዚያን ቡሎኖች ፈትቶ መኪናው በአራት እግሩ እንደቆመ ሰሚአክሱን መዝዞ ማውጣት ይቻላል። መኪናው አይወድቅም፤ ምክንያቱም ክብደቱን የተሸከመው ሞዞው ነው። ሞዞው በአክሰሉ ቱቦ ላይ በሁለት ኩሽኔታ ተቀምጧል፤ ሰሚአክሱ ሥራው ማዞር ብቻ ነው።

በሂሉክስ ላይ እንዲህ አይደለም። ቸርኬው የታሰረው በራሱ በሰሚአክሱ ጫፍ ላይ ነው። ሰሚአክሱ ያዞራል፣ ደግሞም ይሸከማል። የሚደግፈው በቱቦው አፍ ላይ ያለው ኩሽኔታ ነው። ሰሚአክሱ ከኩሽኔታው ውጭ ባለው በኩል ከተሰበረ ጎማው ከነታምቡሩ ይዞት ይሄዳል። ቶርኖ ቤቱ ሊያስረዝምልዎት ያሰበው በዚህ ብረት ላይ ነው።

ማስረዘሚያው ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። 20 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት ጎማዎች ሲጣመሩ በጭነት ሲለጠጡ እንዳይነካኩ ከመሐል እስከ መሐል ወደ 23 ሳንቲሜትር ርቀት ይፈልጋሉ። ውስጠኛው ጎማ ባለበት ይቀራል፤ ወደ ውስጥ ይገፋ ቢባል ባሌስትራው አያሳልፈውም። ስለዚህ ሁለተኛው በሙሉ 23 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። አሁን የጎማው መሐል ከኩሽኔታው 6 ሳንቲሜትር ይርቃል እንበል። ጥንዱ ሲገጠም የሁለቱ መሐል 17 ሳንቲሜትር ተኩል ይርቃል፤ ክብደቱ ሳይጨመር ሰሚአክሱን የሚያጎብጠው ኃይል ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ ማለት ነው። የውጭው ጎማ ብቻውን ድንጋይ ላይ ሲወጣና ውስጠኛው አየር ላይ ሲቀር ርቀቱ 29 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ አምስት እጥፍ ገደማ። ውኃ የሞላ ጀሪካን ወደ ጎን አስጠግቶ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም ጀሪካኑ ያው ነው፣ የተለወጠው ክንዱ ነው። በዚህ ላይ ጭነቱን እጥፍ ያድርጉት።

ድንጋይ ላይ መውጣቱ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ከአጋሮ ወደ ጌራ ሲገቡ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለውን መንገድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በዝናብ ወራት መኪና ሁሉ በሄደበት ቦይ ውስጥ ነው የሚኬደው። የፊት ጎማዎችዎ ቦዩን ይይዛሉ፤ የኋላው ውስጠኛም ይከተላቸዋል። የውጭዎቹ ግን በቦዩ ጠርዝ ላይ ይወጣሉ። ክብደቱን ሁሉ በረዘመው ክንድ የሚሸከሙበት ጊዜ ከማይሸከሙበት ይበዛል።

ቪዲዮው ውሸት ነው አላልኩም። አሜሪካውያን በአንድ ቀን የሚገጥሙላቸው ፒካፖች እንደ ፎርድ ኤፍ 350 እና ራም 3500 ያሉት ናቸው። ስማቸው ፒካፕ ይሁን እንጂ ነጠላ ጎማ ያላቸውም ቢሆኑ ከፋብሪካ ሲወጡ የኋላ ሞዞአቸው እንደ አይሱዙው ለብቻው ተሸካሚ ነው፤ በየጎኑ ስምንት ቡሎን አላቸው። ማስረዘሚያው የሚታሰረው በጠንካራ ሞዞ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ በበሩ ምሰሶ ላይ የተጻፈው የክብደት ልክ አይቀየርም። አብዛኞቹ የሚገጥሙት ከባድ ተሳቢ ሲጎትቱ ወይም ጀርባቸው ላይ ረጅም የመኝታ ክፍል ሲጭኑ መኪናው እንዳይወዛወዝ ነው።

የእርስዎን ዓይነት ሥራ ከሞከሩትም መካከል አሜሪካውያን አሉ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቶዮታ ፒካፕ ሻንሲ ላይ ትንንሽ የመኖሪያ መኪናዎች ይሠሩ ነበር። ቤቱ ሲከብድ፣ ባለ አምስት ቡሎኑ የፒካፕ አክሰል ሳይቀየር ጥንድ ቸርኬ ተገጠመላቸው። ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ጥንድ ነው፤ ውስጡ ግን የቀድሞው ሰሚአክስ ነው። ሰሚአክሶች እየተሰበሩ ጎማ ከመኪና እየተለየ አስቸገረ። መኪኖቹ እንዲመለሱ ጥሪ ተደረገ፤ ኋላ የመጡትም ባለ ስድስት ቡሎን፣ ሞዞው ለብቻው የሚሸከም አክሰል ተገጠመላቸው። ፒካፑም ያው ቶዮታ፣ መንገዱም አስፋልት ነበር።

ፍሬኑን ደግሞ ማንም አያነሳውም። ጎማ መጨመር ፍሬን አይጨምርም፤ ሸራውና ታምቡሩ ያው ናቸው። ጥንድ ቸርኬ ታምቡሩን ከቦ ስለሚይዘው አየር በደንብ አያገኝም፣ ቶሎም ይግላል። ቡናውን ወደ አዲስ አበባ ለመውሰድ ካሰቡ ከአበልቲ ወደ ግቤ ድልድይ፣ ወደ ቦንጋ በኩል ከሄዱም ወደ ጎጀብ የሚወርደውን ቁልቁለት ያስቡት። እዚያ ላይ አራት ቶን የሚጠጋ መኪና ለ10 ኩንታል በተለካ ፍሬን ማውረድ ጎማ የሚያድነው ጉዳይ አይደለም። በብዙ ሂሉክሶች ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ እንደ ጭነቱ የኋላ ፍሬኑን ኃይል የሚያስተካክል ቫልቭም አለ። ባሌስትራ ሲጨመርና መኪናው ከፍ ሲል ይህ ቫልቭ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለዋል፤ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ባሌስትራ አስጨምረው ከሆነ ይህ ዘንግ ተስተካክሎ እንደሆነ ያሳዩት።

«እንግዲያው ሙሉ አክሰል ልቀይር» የሚሉኝ ከሆነ ያ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ግን ከአክሰሉ ጋር የሚመጣውን ይወቁት። ከኤንፒአር የተነሳ አክሰል ቸርኬው ስድስት ቡሎን ቢኖረውም የቡሎኖቹ ክብ 222 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሂሉክሱ 139.7 ነው። ፊትና ኋላው አይለዋወጡም፤ ሁለት ዓይነት ስኮርታ ይዘው ሊዞሩ ነው። የባሌስትራው መቀመጫ ተቆርጦ በአዲስ ቦታ ይበየዳል፤ በዚያን ጊዜ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ጥቂት እንኳ ቢያጋድል ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክሰል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) ይንቀጠቀጣል፣ መስቀለኛውንም ይበላል። ካርዳኑ ራሱ ርዝመቱና መጋጠሚያው ይቀየራል። መኪናዎ ከፊትም የሚጎትት ከሆነ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔ ከጎማዎቹ ቁመት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በደረቅ መሬት ላይ ሲያስገቡት አንዱ ሌላውን ይሰብራል። የከባዱ አክሰል የፍሬን ሲሊንደሮች ከሂሉክሱ ዋና ፓምፕ የሚፈልጉት ዘይት ይበዛል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ሊወርድ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ገጣሚዎች ሥራው ካለቀ በኋላ የሚደርሱበት ነው። የኤንፒአር የእጅ ፍሬን በኋላ ጎማዎች ላይ አይደለም፤ ከካምቢዮው ጀርባ ካርዳኑን የሚይዝ ታምቡር ነው። አክሰሉን ብቻ ነቅለው ሂሉክስ ላይ ሲያስቀምጡት የእጅ ፍሬኑ አሮጌው መኪና ላይ ቀርቷል። ዳገት ላይ ቡና ሲያራግፉ ድንጋይ ተሸክሞ የሚሮጥ ረዳት ሊያስፈልግዎት ነው።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላም የፒካፑ ሻንሲ የፒካፕ ሻንሲ ነው። ከጋቢናው ጀርባ ያለው ክፍል ከልክ በላይ ሲጫን ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ በጋቢናውና በሳጥኑ መሐል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል መሆኑ ሲቀር ካዩ ጀምሯል ማለት ነው።

ጥንድ ጎማ ጥቅም የለውም ብዬ ግን አልደመድምም። ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና፣ እንደሚያውቁት ቦታ ይይዛል እንጂ እንደ እሸት ቡና አይከብድም፤ ከፍ ብሎ ሲቆለል ግን መኪናውን ያወዛውዘዋል። በተፈቀደው ክብደት ውስጥ ሆነው ለመረጋጋት ብቻ የሚፈልጉት ከሆነና መኪናዎ ላንድክሩዘር 79 ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለዝብ ነበር፤ የእሱ የኋላ ሞዞ ለብቻው ይሸከማል። ለሂሉክስ ሰሚአክስ ግን ለመረጋጋትም ቢሆን አልመክርም።

ወደፊት ጥንድ ጎማ ያለው መኪና ከያዙ እነዚህን ልብ ይበሉ። የተጣመሩት ጎማዎች አንድ ልክ፣ ቢቻል አንድ ፋብሪካ፣ አለባበሳቸውም ተቀራራቢ ይሁን፤ በዚህ መጠን ባሉ ጎማዎች ላይ የቁመት ልዩነቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። አንዱ ካነሰ ትልቁ ሁለቱን ጭነት ይሸከማል፣ ትንሹ ደግሞ እየተንሸራተተ ይበላል። ውስጠኛው ጎማ ሲተነፍስ ከውጭ አይታወቅም፤ ጓደኛው ደግፎት ይሄዳል፤ እስኪግልና እስኪፈነዳ፣ አንዳንዴም እስኪቃጠል ድረስ። ጎማ በብረት እየመቱ ድምፁን መስማት ፈጽሞ የተኛውን ያሳያል እንጂ ግማሹ የጎደለውን አያሳይም፤ ጎሚስታው በመለኪያ ይለካልዎት። በሁለቱ መሐል የተቀረቀረ ድንጋይ ከታየ ወዲያው ይውጣ። የቸርኬዎቹ መገናኛ ፊት ላይ ቀለምና ዝገት እንዳይኖር፤ ቀለሙ ሲያልቅ ዳዶው ይላላል። አዲስ ከተገጠመ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ዳዶዎቹ ዳግም ይጥበቁ።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ የመኪናው የመጫን አቅም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ጎማ ስለጨመሩ አይቀየርም። የአክሰልና የአካል ለውጥ ደግሞ ያለ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ አይደረግም፤ በዓመታዊው ምርመራም ይያዛል። አደጋ ከደረሰ ኢንሹራንሱ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሊብሬው ላይ ካለው በላይ ተጭኖ ነበር ወይ ብሎ ነው።

በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ የቡና ወቅት ሂሉክሱን በልኩ እየጫንኩ አሠራዋለሁ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ መድረስ ስላለበት እሱን ፒካፑ ይውሰደው፤ ከጠባቡ መንገድ አውጥቶ ለማድረስ ከእሱ የተሻለ የለም። የደረቀውን ደግሞ አጋሮ ላይ አጠራቅሞ በኪራይ አይሱዙ በአንድ ጊዜ ማምጣት ይሻላል። አስሉት፤ በአንድ ፈረሱላ የሚወጣው የማጓጓዣ ወጪ በኪራዩ የሚያንስ ይመስለኛል፣ በተለይ የአክሰሉን፣ የአራቱን ጎማዎች፣ የብየዳውንና መኪናው ቆሞ የሚከርምበትን ጊዜ ሲደምሩበት። ገንዘቡ ካለዎት ያገለገለ አይሱዙ፣ ኤንኬአር ወይም ኤንፒአር፣ ይግዙ። ሲገዙ ሻንሲውን ከሥር ገብተው ብየዳ ይፈልጉበት፤ የኋላውን በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁት፤ ሞዞው ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ልል ነው ወይም አልቋል። ከታምቡሩ ሥር የዘይት ፍሳሽ ካለ ዘይት የሚያግደው ፌልትሮ አልቆ ዘይቱ ሸራውን አበላሽቶታል።

ቀብዱን በተመለከተ፣ ቶርኖ ቤቱ ገንዘቡን እንዲመልስ ከመከራከር ሌላ ሥራ ይስጡት። ከጋቢናው ጀርባ የሚቆም ጠንካራ የብረት መከለያ ያሠሩ፤ ኬሻዎቹን ወደፊት አስጠግተው እንዲደረድሩ ያስችልዎታል። አሁን ብዙዎች በሳጥኑ በር በኩል አስረዝመው የሚጭኑት ጭነት ከአክሰሉ ኋላ እየዋለ ፊቱን ያቀለዋል፤ መሪውም በጭቃ ላይ የማይታዘዘው ለዚህ ነው። 10 ኩንታሉ ከአክሰሉ ወደፊት ሲገባ መኪናው በዚያው መንገድ ላይ እንዴት እንደሚይዝ በመጀመሪያው ጉዞ ያዩታል።